ባሕሩ የሚጎድልበት ቅዳሜ

ሐረገወይን ወደ ዶክተር ኮልማን ቢሮ የሄደችው ስለ ልጇ ልትጠይቅ ነበር።

በፈረንጆቹ 2016 ጸደይ ላይ ነው። ሐረገወይን ያኔ ከአርባ አልፋለች። አትላንታ መሀል ከተማ በአንድ ፓርኪንግ ውስጥ ለዓመታት ካሸር ሆና ስትሠራ ኖራ፣ ድርጅቱ የተቀመጠችበትን የመስታወት ቤት አንስቶ ካርድ የሚቀበል ማሽን ሲተክልበት ሥራዋን አጣች። ባሏ ኢሳያስ መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ነጂ ነው። «እንግዲህ ማሽን የማይቀማሽ ሥራ እንፈልግ» አለና ሁለቱ ተመካክረው ነርሲንግ ላይ ተስማሙ። ነርሲንግ ለመግባት ደግሞ መጀመሪያ ባዮሎጂውን፣ ሂሳቡን፣ እንግሊዝኛውን ማለፍ ግድ ነው። ስለዚህ ሊቶኒያ ካለው ቤታቸው ብዙም በማይርቅ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተመዘገበች።

የባዮሎጂ መምህሯ ዶክተር ኮልማን አንድ ቀን ክላስ ሲያልቅ ስለ ሰመር ሥራ ተናገረች። ከአትላንታ የአምስት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ በጆርጂያ ባሕር ዳርቻ፣ የባሕር ውሃ እየገባ የሚወጣበት ሰፊ ረግረግ አለ። እዚያ ያለ የጥናት ጣቢያ ጥቂት ተማሪዎችን ወስዶ፣ እያሠራም እያስተማረም፣ እየከፈለም ያከርማል። ሐረገወይን ይህን ስትሰማ ትዝ ያለቻት ልጇ ኑሃሚን ናት።

«ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው» አለች ቢሮ ገብታ። «ሰመሩን ሙሉ ስልኳን ይዛ ከምትተኛ ቢወስዱልኝ ብዬ ነው።»

«ሃይስኩል ያሉትን አንወስድም» አለች ዶክተር ኮልማን። «የኮሌጅ ተማሪ መሆን አለባት።»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ቦርሳዋን አነሣች።

«ቆይ እስቲ። አንቺ የኮሌጅ ተማሪ አይደለሽም እንዴ?»

ሐረገወይን የተቀለደባት መስሏት ፈገግ አለች። ዶክተር ኮልማን ግን አልሳቀችም።

«ላብራቶሪ ውስጥ ባቄላ ስናበቅል ሁሉም የራሱን ለክቶ ወደ ቤቱ ሄደ። አንቺ ግን የጎረቤትሽ ለምን እንደጠወለገ ልትጠይቂኝ ቀረሽ። የምፈልገው እንደዚያ የሚጠይቅ ሰው ነው። ማመልከቻው ላይ ዕድሜ የሚል የለም። አፕላይ አድርጊ።»

ማታ እራት ላይ ነገሩን ስታነሣው ኑሃሚን ሹካዋን አስቀመጠች።

«ማሚ፣ ላይክ… እዚያ ያሉት እኮ የእኔ እኩዮች ናቸው። ከእነሱ ጋር ዶርም ልትገቢ ነው?»

«ይከፍላሉ ወይ?» አለ ኢሳያስ።

«ይከፍላሉ። ማደሪያውም ምግቡም ከእነሱ ነው። ለትምህርቴም የላብራቶሪ ክሬዲት ይያዝልኛል።»

«ለነርሲንጉ ይጠቅምሻል?»

«ክሬዲቱ ይጠቅማል።»

ኢሳያስ ትንሽ አሰበና «ሂጂ እንግዲህ። እኛ በራብ አንሞትም» አለ።

ክሬዲቱ እውነት ነው። ያልነገረቻቸው ሌላውን ነው። በዚያ የመስታወት ቤት ውስጥ ስትኖር ሰው ሁሉ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነበር፤ «ስንት ነው?» ጥያቄ ስለምትጠይቅ ብቻ የሚፈልጋት ሰው ስታገኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ የዶክተር ኮልማንን ቃል በልቧ ስታመላልሰው ሰነበተች።

አመልክታ ተቀበሏት፤ ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ብቻ አሳሰባት። እዚያ የሚጠናው ሸርጣንና ቀንድ አውጣ ነው ተብሏል፤ በእሷ ቤት ደግሞ እንዲህ ያለው ፍጥረት ድስት አይገባም። የንስሐ አባቷን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ጺማቸውን እየደባበሱ፣ «መብላት እንጂ መቁጠር አልተከለከለም» አሏት።

ጣቢያው ዳሪየን ከምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ አጠገብ ነው። ሐረገወይን ረግረግ ሲባል ጠንቋይ የሚኖርበት ጨለማ ቦታ መስሏት ነበር። ያየችው ግን ዓይን እስከሚደርስ የተዘረጋ ሣር ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ያልታጨደ የስንዴ ማሳ ይመስላል። ማሳውን በቀን ሁለት ጊዜ ባሕሩ መጥቶ ይውጠዋል፣ ሁለት ጊዜም ትቶት ይሄዳል። ባሕሩ ሲጎድል ከሥር የሚታየው ጭቃ ጥቁር ነው፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

በመጀመሪያው ቀን ያ ጭቃ እስከ ጭኗ ዋጣት። እግሯን ለማውጣት በታገለች ቁጥር ይበልጥ ትሰምጣለች። ደሴ ያደገች ሰው ናት፤ ዋና አታውቅም፤ ውሃ ተመልሶ እንደሚመጣ ግን ታውቃለች።

«አትታገዪው» አለቻት አብራት የተመደበችው ልጅ። «ተኚበት። በሆድሽ ተኚና እንደ ሕፃን ዳሂ።»

ሐረገወይን በዚህ ዕድሜዋ በሆዷ ተኝታ፣ ፊቷ ጭቃ ነክቶ፣ እየዳኸች ወጣች። አንዱ ቦቲዋ እዚያው ቀረ። ልጅቷ ክንዷን አስገብታ ስታወጣው ሁለቱም ይስቁ ነበር።

ልጅቷ ዴስቲኒ ትባላለች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ዲኬተር ተወልዳ ያደገች የአትላንታ ልጅ። እናቷ ሆስፒታል ውስጥ ጽዳት ትሠራለች። ባሕሩ የአምስት ሰዓት መንገድ ሆኖ ሳለ እሷም እስከዚያ ሰመር ድረስ አይታው አታውቅም ነበር። ትልቅ ሰው በስም ብቻ መጥራት ነውር ነው ተብላ ስላደገች ሐረገወይንን «ሚስ ሐረግ» ትላታለች።

ሥራቸው ይህ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሣሩ እዚህም እዚያም እየደረቀ፣ የሞተበት ቦታ ራሰ በራ ሆኖ ይቀራል። ድርቅ ነው የሚሉ አሉ። ሣሩን እየወጣ የሚግጠው ቀንድ አውጣ ነው የሚሉ አሉ። የለም፣ ቀንድ አውጣውን የሚበላው ሸርጣን ስላነሰ ነው የሚሉም አሉ። ዶክተር ኮልማን ረግረጉ ውስጥ በየቦታው ምልክት ተክላለች፤ ከፊሉን ሸርጣን እንዳይገባ በሽቦ አጥራዋለች፣ ከፊሉን ክፍት ትታዋለች። ተማሪዎቹ ከፕላስቲክ ቱቦ የተሠራ አራት ማዕዘን በየምልክቱ ላይ እየጣሉ፣ በውስጡ ያለውን ቀንድ አውጣ ይቆጥራሉ፣ ሣሩን ይለካሉ። ፀሐዩ ያነድዳል፤ ትንኙ ዓይን ውስጥ ይገባል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የሚበላው ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ሽሪምፕ ስለሆነ ሐረገወይን ሩዝና ባቄላዋን ለብቻዋ ቀቅላ ትበላለች።

በሁለተኛው ሳምንት ዶክተር ኮልማንን «ታዲያ ሣሩን የሚገድለው የቱ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«አላውቅም» አለች ዶክተር ኮልማን። «ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። ለዚህ ነው የመጣነው።»

ሐረገወይን ያን ቀን ማታ ለኢሳያስ ደውላ ነገረችው። «ዶክተር ሆና አላውቅም አለች፤ ደግሞ ምንም አላፈረችም።» ኢሳያስ ምኑ እንዳስደነቃት አልገባውም።

ሰኔ እንዲህ አለፈ። ሐምሌ ሲገባ የእትዬ ተናኘወርቅ ስልክ መጣ።

ሐረገወይንና ኢሳያስ ኬንያ ካለው የስደተኞች ካምፕ ወጥተው አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ሲደርሱ በር ከፍተው የተቀበሏቸው እትዬ ተናኘወርቅ ናቸው። የመጀመሪያውን ፍራሽ የሰጧቸው፣ አውቶቡስ ያሳዩዋቸው፣ ኑሃሚን ስትወለድ ያረሷት እሳቸው ናቸው። አሁን ልጃቸው ምህረት ልታገባ ነው። ሰርጉ ከፍልሰታ ጾም በኋላ ነበር የታሰበው፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ የመጣው የሙሽራው አባት ከዚያ በፊት መመለስ ስላለበት ወደ ሐምሌ መጨረሻ ቅዳሜ ተሳበ። የሰርግ ወጥ በሐረገወይን እጅ እንደሚሠራ ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ የታወቀ ነገር ነው።

ሐረገወይን ስልኩን ዘግታ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ሰሌዳ ሄደች። ዳር ላይ፣ ከውሃው አፍ አጠገብ ያሉት ምልክቶች የሚገለጡት ባሕሩ ከሁሉ ይበልጥ ሲጎድል ነው፤ ያም የሚሆነው በወር አንዴ ነው። በሐምሌ የዋለው በዚያው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ረግረግ ውስጥ ደግሞ ማንም ብቻውን አይገባም። ሌሎቹ ተማሪዎች የየራሳቸው ቦታ አላቸው። እሷ ከቀረች ዴስቲኒም ትቀራለች፤ የሐምሌ ቁጥር ባዶ ይሆናል።

ሁለት ቀን ካሰበች በኋላ ደወለች።

«እትዬ፣ ቅዳሜውን አልደርስም።»

ከእትዬ ተናኘወርቅ ኋላ ቴሌቪዥን ይሰማል።

«አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ሥራው ነው።» ሁሉንም አስረዳቻቸው፤ ባሕሩን፣ ወሩን፣ ብቻ መግባት ክልክል መሆኑን።

«እና ባሕሩ ሌላ ቀን አይጎድልም?»

«በሚቀጥለው ወር ነው።»

«ምህረትም የምታገባው አንድ ቀን ነው» አሉ እትዬ ተናኘወርቅ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ሐረግ፣ እኔ ለቀንድ አውጣ ብላ ቀረች ብዬ ለሰው አልናገርም። ታመመች እላለሁ።»

«እውነቱን ይናገሩ፣ እትዬ።»

«እውነቱ ያሳፍራል» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ኢሳያስ ሲሰማ እሱም ተቆጣ። «ይሄ እኮ ሌላ ነው። እትዬ ተናኘወርቅ ናቸው። ፈቃድ ጠይቂ።»

«ብጠይቅ ዶክተር ኮልማን ትሰጠኛለች።»

«ታዲያ?»

«አልጠየቅኩም።»

ከዚህ በላይ ልታስረዳው አልቻለችም። የሰኔው ቁጥር ያለ ሐምሌው ትርጉም እንደሌለው ልትነግረው ትችል ነበር፤ ነግራውም ነበር። ነገር ግን ለራሷ ስታስበው ሌላም ነገር አለ፤ ውሃው ሲሸሽ ከሥሩ ምን እንዳለ በዓይኗ ማየት ፈለገች። ሰርግ ከተወች ሰው አፍ እንዲህ ያለ ምክንያት አይወጣም።

ቅዳሜ ዕለት ባሕሩ እንደተባለው ጎደለ። ከሣሩ ዳር ወዲያ በሰኔ እንኳ ያልታየ ጭቃ ተገለጠ፤ የዛጎል ክምሮች ቆመው ውሃ ይተፋሉ፣ ትናንሽ ሸርጣኖች አንዱን ትልቅ እጃቸውን ሰው እንደሚጠራ እያወዛወዙ ወደ ጉድጓዳቸው ይሮጣሉ። ሐረገወይንና ዴስቲኒ ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው እየተላለፉ፣ አንዷ ስትቆጥር ሌላዋ ስትጽፍ፣ መንገዱን ገና ሳያጋምሱት ከምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ከዚያ ነጎድጓዱ ተሰማ።

ሕጉ ግልጽ ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ መውጣት ነው፤ በዚያ ሜዳ ላይ ከሰው የሚረዝም ነገር የለም።

«ሚስ ሐረግ፣ እንውጣ።»

«ይቺን ብቻ» አለች ሐረገወይን፣ አራት ማዕዘኑን ሳትለቅ።

«ሚስ ሐረግ።»

ቀና ብላ አየቻት። ዴስቲኒ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ሰማዩን ታያለች። ሐረገወይን ይቺ የሰው ልጅ መሆኗ፣ እናቷም ዲኬተር ሆና ስልክ እንደምትጠብቅ አሁን ገና ታሰባት። የጀመረችውን ሳትጨርስ ተነሣች። ዝናቡ መኪናው ጋ ሳይደርሱ ያዛቸው፤ በሩን እንደዘጉ መብረቁ ሣሩን አበራው። ዝናቡ ሲያባራ ባሕሩ ተመልሶ ነበር።

አትላንታ አሁን ሙሽሮቹ አዳራሽ የሚገቡበት ሰዓት ነው። ሐረገወይን እጇ ላይ ያለውን ጭቃ እያየች እንባዋ መጣ። ዴስቲኒ አይታ እንዳላየች መስኮቱን በእጅጌዋ ትወለውል ጀመር። በዚያ መካከል ስልኳ ጮኸ፤ ኑሃሚን ናት። ጠዋት የተነሣችውን ፎቶ ልካለች፤ ከትልልቅ ሴቶች መሀል ሽርጥ ታጥቃ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ማማሰያ ይዛ ቆማለች። ከሥሩ «ሽንኩርቱ ጨረሰኝ። የአንቺ ሺፍት ነው የያዝኩት» ይላል።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ነዳች። የሰርጉ መልስ ከአትላንታ ወጣ ብሎ፣ ኖርክሮስ በእትዬ ተናኘወርቅ ቤት ነበር። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። እትዬ ተናኘወርቅ ከሩቅ እንደ መጣ እንግዳ አቀፏት፤ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ተሻለሽ?» አሏት ሰው እየሰማ። ሐረገወይን «ደህና ነኝ» አለችና ቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄዳ፣ ከድስቶቹ ጋር እጅጌዋን ሰብስባ ተቀመጠች። የቀረበላትን ሁሉ አጠበች። ኑሃሚን መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች፤ የታጠበውን ታደርቅላት ጀመር።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ተናኘወርቅ ራሳቸው ወደ ጋራዡ መጡ። የተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ቁጭ አሉ፤ ሌሊቱን አልተኙም።

«ጨረሳችሁ ትናንት?» አሉ።

«ግማሹን ነው። መብረቅ መጣ፤ ወጣን።»

«ግማሹን?»

«ከግማሽም ያንሳል።»

«እኔን አስቀይመሽ ስታበቂ፣ ቢያንስ ሙሉውን አትጨርሺም ነበር?» አሉ። ሐረገወይን መሳቅ ይሁን ማልቀስ ሳታውቅ «ይቅር ይበሉኝ» አለች። እሳቸውም «እሱን እናያለን» ብለው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ቂማቸው ያን ቀን አልወጣም። በየሳምንቱ ይደውሉ የነበሩት እትዬ ተናኘወርቅ እስከ ዘመን መለወጫ አልደወሉም፤ ያን ዕለትም ሐረገወይን ናት የደወለችው።

ዶክተር ኮልማን ግን በግማሹ አልተናደደችም። «ግማሽም ይጻፋል፤ ለምን ግማሽ እንደሆነም ይጻፋል» አለች። በነሐሴ መጀመሪያ ሥራው ሲያልቅ ሣሩን የሚገድለው ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም። ቀንድ አውጣው በበዛበት ሣሩ ማጠሩ ታየ፤ ነገር ግን በአንዳንድ ቦታ ቀንድ አውጣ ሳይኖርም ሞቷል። ዴስቲኒ ትምህርቷን በባሕር ሳይንስ ለመቀጠል ሳቫና ወዳለ ዩኒቨርሲቲ አመለከተች፤ ገባችም።

በጥቅምት የነርሲንግ ትምህርት ቤቱ ሐረገወይንን ተቀበላት። በዚያው ሰሞን ዶክተር ኮልማን ከካውንቲው የውሃ ክፍል ጋር ተነጋግራ፣ በሳምንት ጥቂት ቀን የወንዞችን ውሃ የሚመረምር የተማሪ ሥራ አገኘችላት፤ ትምህርቷን ወደ አካባቢ ጥበቃ ካዞረች ማለት ነው። ክፍያው የነርስን አይደርስም። ቋሚም አይደለም።

ከኢሳያስ ጋር ሳምንት ሙሉ ተከራከሩ።

«ነርስ ሥራ አያጣም» ይላል። «የቤቱ ሞርጌጅ አለ። ኑሃሚን ኮሌጅ ልትገባ ነው። ዓመታት ሙሉ በዚያ መስታወት ቤት ስትቀመጪ አልከፋሽም፤ አሁን ምን መጣ?»

«ከፍቶኝ ነበር» አለች። «አልነገርኩህም።»

ኢሳያስ ይህን አልጠበቀም። ቁጭ ካለበት ተነሥቶ ሳህኑን አጠበና ተኛ። ሁለት ቀን ነገሩን አላነሣም። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ሲመለስ፣ ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ለሁለት ዓመት ኦቨርታይም እይዛለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አንቺ ነሽ የምትሸከሚን» አላት። እሷም «እሺ» አለች። ለነርሲንግ ትምህርት ቤቱ አልመጣም ብላ ስትጽፍ እጇ ከብዷት ነበር፤ ጽፋ ስትጨርስ ግን እንቅልፍ ወሰዳት።

በገና እትዬ ተናኘወርቅ ቤታቸው ጠሯቸው። ከሙሽራው ወገን የመጣች አንዲት ሴት ሐረገወይንን «ምን ትሠሪያለሽ?» ብላ ስትጠይቃት፣ እትዬ ተናኘወርቅ ከወዲያ ማዶ ሆነው፣ «እሷ የውሃ ተማሪ ናት» አሉ። «ባሕር ሲጎድል የምትሄድ እሷ ናት።» ሴትየዋ ምን ማለታቸው እንደሆነ ግራ ገብቷት አንገቷን ነቀነቀች። እትዬ ተናኘወርቅ ለሐረገወይን ሳህን ላይ እንቁላል ጨመሩላትና ወደ ሌላ ወሬ አለፉ።

በሚቀጥለው መጋቢት የሐረገወይን መኪና ጋራዥ ገብታ ስለነበር ኢሳያስ ወደ ሥራዋ ወሰዳት። ሊቶኒያ ውስጥ፣ ከአንድ የመኖሪያ ሰፈር ጀርባ፣ በድልድይ ሥር የሚያልፍ ጅረት ነው። እሷ ወደ ጅረቱ ዳር ወርዳ በጠርሙሷ ውሃ ስትቀዳ እሱ ድልድዩ ላይ እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ። ጅረቱ ቡናማ ነው፤ አንድ የተጣለ የሱፐርማርኬት ጋሪ ውስጡ ተጋድሟል።

«ይሄን ማን ይጠጣዋል ብለው ነው የሚለኩት?» አለ።

«ማንም አይጠጣውም። ግን ይሄዳል።»

«ወዴት?»

በእጇ ወደ ምሥራቅ አሳየችው። «ሳውዝ ሪቨር ይገባል። ከዚያ ኦክመልጊ። ከዚያ አልታማሃ። አልታማሃ ደግሞ ዳሪየን ላይ ባሕር ይገባል።»

ኢሳያስ ውሃውን ተመለከተው። ይህን መንገድ በየቀኑ ሲመላለስበት ከሥሩ ጅረት መኖሩን ልብ ብሎ አያውቅም።

«ጋሪው ከዚያ ቢወጣ አይሻልም?» አለ።

«ይሻላል። ለብቻዬ አልቻልኩትም።»

ጃኬቱን አውልቆ በድልድዩ ብረት ላይ ሰቀለው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለና፣ የሚያዳልጠውን ድንጋይ በእግሩ እየመረጠ ወደ እሷ ወረደ። ሐረገወይን የጠርሙሷን ክዳን አጥብቃ ዘግታ ዳር አስቀመጠችው፤ ከዚያ ጋሪውን እሷ በአንድ በኩል እሱ በሌላ በኩል ያዙት።